ሥራ አስኪያጅ ጎሳዬ እና የካኮ ወፍጮ ወረፋ

የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ከመጣ ሰው ይሰውራችሁ። አምስት ዓመት የተማረ ሰው አይጎዳም፤ ቢያንስ ምን ያህል እንደማያውቅ የሚገባበት ጊዜ አግኝቷል። ጨርሶ ያልተማረውም ሰው እየጠየቀ ይሠራል። የአምስት ቀኑ ሰው ግን ደብተርና ሰርተፍኬት ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ በመንደሩ ውስጥ በነበረበት የሚቀመጥ ዕቃ አይኖርም። እንዲህ ያለ ሰው በእናንተም ሰፈር አለ። ከሌለ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

ለእኛ ለካኮ ሰዎች የደረሰን ጎሳዬ ገብረወልድ ነው። አማችሁት እንዳትሉን፤ አብዛኛውን የነገረን ራሱ ነው። ማንም ሳይጠይቀው ይጀምራል፣ ያኔ የተናገረውን በዚያው በሠለጠነ ድምፁ ይደግመዋል፣ ከዚያ ከሁላችንም ቀድሞ ይስቃል። እኛ የጨመርነው ጥቂት ነው።

ጎሳዬ ወፍጮ ቤት አለው። አባቱ አቶ ገብረወልድ መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ አስጭነው አምጥተው ካኮ ላይ ተከሉና ሲሞቱ ለልጃቸው ተዉለት። ከወፍጮው ጋር ፈጪውን ሽመልስንም ተዉለት። ሽመልስ ብዙ አይናገርም፤ ከቅንድቡ ላይ ዱቄት ጠፍቶ አያውቅም፤ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ምን እንደጎደለው ይለያል። ሰኞ ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ ከተራራው የሚወርዱት ሴቶች የሚሸጡትን ይሸጡና በቆሏቸውንና ማሽላቸውን አስፈጭተው ይመለሳሉ። የወፍጮ ቤቱ ሕይወት ይህ የሰኞ ገበያ ነው። በሌላው ቀን የሚመጣው የናፍጣውን ወጪ እንኳ አይሸፍንም።

ታዲያ አንድ ቀን ሐጂ አቡበከር ከገበያው ማዶ አዲስ ወፍጮ ተከሉ። ጎሳዬ እንቅልፍ አጣ። ከተራራ የሚወርዱት ሴቶች ማዶ ከተሻገሩ የአባቱ ወፍጮ በዓመቱ ቆሞ እንደሚቀር ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልገውም ነበር። በዚያው ሰሞን ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች ጂንካ ላይ ሥልጠና ይሰጣል ተባለና ስሙን አስመዘገበ። ርእሱ «የምርትና የኦፕሬሽን ሥራ አመራር መሠረታውያን» ይባላል። ሰኞ ጎሳዬ ሆኖ ሄደ፤ ቅዳሜ ሥራ አስኪያጅ ጎሳዬ ሆኖ ተመለሰ። ማዕረጉን የሰጠችው ሚስቱ ተዋበች ናት።

ከሥልጠናው በደንብ የገቡት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ብክነት ነው፤ ማለትም ለሥራው ምንም የማይጨምር መመላለስ፣ መጠበቅ፣ መፈለግ። ሁለተኛው ማነቆ ነው፤ ሥራው ሁሉ መጥቶ የሚታነቅበት ጠባብ ቦታ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጎሳዬ የትም ቢገባ ዙሪያውን ቃኝቶ ጣቱን ያነሣና «ማነቆው የት ላይ ነው?» ይላል። ሰው መልስ እስኪያገኝ አይጠብቅም፤ «ብክነት!» ብሎ ራሱ ይመልሳል።

የመጀመሪያው ብክነት የተገኘው ከገዛ ሚስቱ ጓዳ ነው። ተዋበች ጨው ለማምጣት አሥራ አራት እርምጃ ትሄዳለች። ጎሳዬ በስልኩ ሰዓት ይዞ ለካት። ከዚያ ጨውን፣ ስኳርንና የልብስ ሳሙና ዱቄትን በሦስት እኩል ቆርቆሮ አድርጎ ምድጃው አጠገብ ደረደራቸው። የየቆርቆሮውን ስም ነገ እጽፍበታለሁ ብሎ ወጣ። ያን ቀን ማታ የቀረበው ሽሮ አረፋ ደፈቀ።

«ሥራ አስኪያጅ፣ ብላ እንጂ» አለችው ተዋበች እጇን አጣምራ። «ብክነት እንዳይሆን።»

ሁለተኛው ለቅሶ ቤት ነው። ጎረቤት ሰው ሞቶ ድንኳን ተተክሏል፤ ገቢና ወጪው በአንድ በር ይጋፋል። ጎሳዬ ለማልቀስ ነበር የሄደው። ግን ማነቆውን ካየ በኋላ እንባው ቀረና የዕድሩን ሊቀ መንበር ጠርቶ መግቢያና መውጫ እንዲለይ አደረገ። ከኋላ በኩል ድንኳኑን በራሱ እጅ ገልጦ አሰረው። አልቅሰው በአዲሱ በር የወጡት አሮጊቶች ሁሉ የሟቹን የበቆሎ ማሳ ሲያቋርጡ ተገኙ፤ ሁለቱ መንገዱ ጠፍቷቸው እንደገና መጮኽ ጀመሩ። ሟቹም ሁለት ጊዜ ተለቀሰለት።

ሦስተኛው የሽመልስ የሞተር መፍቻ ቁልፎች ናቸው። ጎሳዬ ግድግዳው ላይ ጣውላ መታና የእያንዳንዱን መፍቻ ምስል በቀለም ሣለበት፤ ሁሉም በሥዕሉ ላይ እንዲሰቀል። ሽመልስ አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ ሃያ ዓመት ሙሉ ከኋላ ኪሱ ጠፍቶበት አያውቅም። አሁን ሞተሩ ሲያስነጥስ እጁን ወደ ኪሱ ይሰድና ባዶ ይሆንበታል፤ ወደ ግድግዳው ይሮጣል፣ እዚያ ከሥዕሎቹ መካከል ቆሞ ይፈልጋል።

«ምን ያህል ፈጀብህ?» ይለዋል ጎሳዬ ስልኩን እያየ።

«መፈለጉ ነው ወይስ መለካቱ ጋሼ?»

«ሁለቱም።»

እስከዚህ ድረስ የተጎዳ ሰው የለም፤ ሳሙና የቀመሰው ራሱ ጎሳዬ ነው። ጉዳቱ የመጣው ወረፋው ላይ እጁን ሲያሳርፍ ነው። ወለሉን ቢጫ መስመር ቀባ፤ ከሴቶቹ የእህል ከረጢት ግማሹ እስከ ዛሬ ቢጫ ቂጥ አለው። በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀለ። ትንሹ ሥራ ከቀደመ ብዙ ሰው ቶሎ ይሸኛል ብለው አስተምረውታልና ደንቡን በትልቁ ጻፈው፤ ትንሽ የያዘ ይቅደም።

በመጀመሪያው ሰኞ ትንሽ የያዘችው የምግብ ቤቷ ባለቤት ጥሩዬ ነበረች፤ ሁለት ኪሎ በርበሬ።

«ጋሼ፣ በርበሬ መጨረሻ ነው የሚፈጨው» አለ ሽመልስ።

«ደንቡ ምን ይላል?»

ሽመልስ ሰሌዳውን አየ፤ ጎሳዬን አየ፤ በርበሬውን አፈሰሰ። ከጥሩዬ ቀጥሎ የተፈጨው ለሕፃን ገንፎ የመጣ ማሽላ ነበር። በዚያ ሳምንት ካኮ ውስጥ ያላነጠሰ ሕፃን የለም ይባላል። ጎሳዬ «በግማሽ የተጋነነ ነው» ይላል፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን አይናገርም።

በሁለተኛው ሰኞ ሰው ሁሉ ደንቡ ገብቶት መጣ። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ማሽላ በአሥራ አንድ ቅል ተከፋፍሎ በአሥራ አንድ ዘመድ እጅ ተሰለፈ። ትንሽ ያልያዘ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም ልቅደም አለ። ጎሳዬ ግን ያን ቀን ቤቱ የገባው እየዘፈነ ነው።

«ተዋበች፣ ደንበኛ በሦስት እጥፍ አደገ!»

«እህሉስ?»

«እህሉ ያው ነው» አለና ዘፈኑን አቆመ።

በሦስተኛው ሰኞ ነው ትልቁን ጥፋት ያጠፋው። ይህን ሲያወራ ጎሳዬ አይስቅም። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ዋርካ አለ። ከተራራው የሚመጡት ሴቶች ጥላው ሥር ይቀመጣሉ። ጎሳዬ ሰዓት ይዞ ሲከታተል አንድ ነገር አስደነገጠው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አስፈጭተው የጨረሱት ሴቶች ቀትር ላይም እዚያው ናቸው። ዱቄታቸውን አቅፈው ይጫወታሉ። ምርቱ ወጥቷል፤ ደንበኛው አልወጣም። ግቢው ተጨናንቋል። ይህን ሁሉ ፍጥነት ለማን ነው ያመጣሁት ብሎ ተናደደ።

«እናቶች» አለ በሠለጠነ ድምፁ፣ «የጨረሰ ይሂድ። እዚህ መቀመጥ ብክነት ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። ከጥላው ግን አልተነሡም። ጎሳዬ ሲብስበት ከዋርካው ዙሪያ ገመድ ወጠረ፤ የገመዱን አንድ ጫፍ ራሱ አሰረ፣ ሌላውን ሽመልስ እንዲያስር ቢያዘው ሽመልስ ሞተሩ ጠራኝ ብሎ ገባ። ሴቶቹ ዱቄታቸውን አንሥተው በፀሐይ ወጥተው መንገድ ዳር ቆሙ። ጎሳዬ ግቢው ባዶ ሲሆን አይቶ «ማነቆው ተፈታ» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

በአራተኛው ሰኞ ገበያው ሞልቶ ወፍጮ ቤቱ ባዶ ሆነ። ከማዶ የሐጂ አቡበከር ሞተር ሲጮኽ ይሰማል። ጎሳዬ በሩ ላይ ቆሞ ለካ፤ ከጠዋት እስከ ቀትር አራት ሰው። በአምስተኛው ሰኞ ሁለት። ሽመልስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ልብሱን ያራግፋል፤ ከቅንድቡ ላይ ዱቄት ጠፋ። አባቱ ታመው እንኳ ሰኞ ወፍጮው ጸጥ ብሎ አያውቅም።

«ማነቆው የት ላይ ነው?» አለ ለራሱ፣ ቀስ ብሎ።

ተዋበች ሰማችው። «እኔን ከምትለካ ሄደህ ሴቶቹን አትጠይቅም?» አለችው። እሱ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ያልሞከረው ነገር ቢኖር መጠየቅ ነበር።

ገበያው ውስጥ ቦሼን አገኛት። ቦሼ የአሪ ሴት ናት፤ ከተራራው ከሚወርዱት ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች፤ አባቱንም ታውቃለች። ጎደሬዋን ከፊቷ ዘርግታ ተቀምጣለች።

«እማማ ቦሼ፣ ምን በደልኳችሁ? ወፍጮው እኮ ፈጠነ።»

«አዎ፣ ወፍጮ ፈጠነ» አለች። «እኔ ቶሎ ጨረስኩ። ከዚያ የት ልሂድ?»

«ወደ ቤትሽ ነዋ!»

ቦሼ ሳቀች፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶችም በአሪኛ ተነጋግረው ሳቁ። «ጎሳዬ፣ አንተ መንገዳችን አታውቅም። እኛ አሥራ ዘጠኝ ነን። ወንዝ አለ። አንድ ሰው ብቻውን አይሻገርም። አሥራ ዘጠኝ ሰው አልጨረሰም፣ ቦሼም አልጨረሰችም። አንተ ቁጭ አትበሉ አልክ። ሐጂ ደግሞ ቁጭ በሉ አለ።»

ጎሳዬ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤቱ ሥራ አልነበረውምና ተከትሏቸው ሄደ። ሰዓት አልያዘም። ወንዙ ዳር ሲደርሱ የሚሆነውን አየ። ከሁሉም ረጅሟ ሴት ከፊት ገባች፣ ቦሼ በዘንግ ከኋላ፤ ነፍሰ ጡሯና ልጅ ያዘለችው መሀል። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ዱቄቱ ራሳቸው ላይ ሆኖ፣ ውኃው ጭናቸው ድረስ። ከላይ ተራራው ላይ ዝናብ ከጣለ ውኃው በአንድ ጊዜ እንደሚሞላና ያልተሻገረ እዚያው እንደሚያድር ቦሼ ነገረችው። ጎሳዬ ተመልሶ ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ደንብ በእጅጌው አጠፋው።

ከዚያ ማታውን ተቀምጦ አዲስ አሠራር ፈለሰፈ። ወረፋው በሰው ሳይሆን በመንገድ ነው። በአንድ መንገድ አብረው የሚሄዱ ሁሉ ተከታትለው ይፈጫሉ፤ ሩቅ የሚሄዱት ይቀድማሉ፤ በርበሬ መጨረሻ። ጠዋት ሽመልስን ጠርቶ በታላቅ ኩራት አስረዳው። ሽመልስ ሰምቶ ጨረሰና አንገቱን አከከ።

«ጋሼ፣ አባትህ እኮ እንዲህ ነበር የሚያስፈጩት።»

«አባቴ?»

«እኔም እስከ ሥልጠናህ ድረስ እንዲሁ ነበር የማደርገው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!»

«መች ጠየቅከኝ?» አለ ሽመልስ። «ሰዓት ይዘህብኝ ነበር።»

ጎሳዬ ይህን ሲያወራ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያቆማል። ጂንካ ድረስ ሄጄ፣ አምስት ቀን አበል በልቼ፣ አንድ ወር ሙሉ ሰው አስነጥሼ የደረስኩት አባቴ ቆመውበት ከነበረው ቦታ ነው ይላል። ከዚያ ደግሞ፣ ቦታውን ግን አሁን በስሙ አውቀዋለሁ ይላል። የአምስት ቀን ሰው ጨርሶ አይድንም።

ገመዱን ፈትቶ፣ በየመንደሩ መልእክት ልኮ ይቅርታ ጠየቀ። በስድስተኛው ሰኞ አሥራ ዘጠኙ መጡ። ሌሎችም መጡ። ዋርካው ሥር መቀመጫ ጠፋ፤ ሽመልስ ዱቄት ለበሰ፤ ተዋበች ሳትቀር ከረጢት ልትይዝ ወጣች። ጎሳዬ ወዲያና ወዲህ እያለ፣ ምንም ሳይለካ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሠራ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከቦሼ ሰዎች አሥራ አንዱ አስፈጭተው ስምንት ቀርተዋል። ተራራው ጠቁሯል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ጧ አለና ሞተሩ ለብቻው ሮጠ፤ ወፍጮው ቆመ። ሞተሩንና ወፍጮውን የሚያያይዘው ቺንጋ ተበጥሶ ወለሉ ላይ ወድቋል።

«መለዋወጫው የት ነው?» አለ ጎሳዬ።

«የለም» አለ ሽመልስ። «ተሰነጣጥቋል ብዬ ሁለት ሳምንት ነገርኩህ። አንተ ግድግዳው ላይ የቺንጋ ሥዕል ትሥል ነበር።»

እውነት ነው። ሥዕሉ እዚያው አለ፤ በጣም ያምራል። ቺንጋው ግን ያለው ጂንካ ነው። አሁን መኪና ቢገኝ ሄዶ እስኪመለስ ይመሻል። ከተራራው በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ሴቶቹ ከዋርካው ሥር ተነሡ፤ ዱቄት የያዙትም እህል የያዙትም። የጨረሱት አሥራ አንዱ አንዳቸውም ወደ መንገዱ አልተራመዱም። ቦሼ ጎሳዬን አየችው።

ተዋበች ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ዛሬ ማዶ ከሄዱ በቃ ቀሩብህ» አለችው በሹክሹክታ። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። ሥራ አስኪያጅም አላለችውም።

«አውቃለሁ» አለ ጎሳዬ። ጎንበስ ብሎ የአንዷን ከረጢት ማሽላ ትከሻው ላይ ጫነ። ሽመልስ ሁለት አነሣ፤ ሌሎቹን ሴቶቹ ራሳቸው አነሡ። ተዋበች ለአፍታ ቆማ አየቻቸውና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የመጨረሻውን ቅል ተሸከመች። ገበያው ሁሉ ቆሞ እያየ ጎሳዬ ደንበኞቹን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ወደ ተፎካካሪው ወፍጮ ቤት አሻገረ። እኛም ከሚያዩት መካከል ነበርን። በዚህ ሰውዬ አንድ ወር ስንስቅ ከርመን፣ ያን ቀን ግን መንገድ ለቀቅንለት። እንወደው ነበር ለካ።

ሐጂ አቡበከር ግቢ ረጅም ወረፋ አለ። ሐጂ ከበሩ ወጡና ጎሳዬን ከነጭነቱ ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

«ሐጂ፣ ቺንጋዬ ተበጠሰ። እነዚህን አስቀድሙልኝ።»

ሐጂ ወረፋውን በእጃቸው አሳዩት። «ስንት ሰው ነው?»

ጎሳዬ ስንት እንደሆኑ ያውቃል። በካኮ ታሪክ ሰው የቆጠረ ሁሉ ቢሰበሰብ እሱን አያክልም።

«አንድ ነው ሐጂ» አለ። «ወንዙ ሳይሞላ አብሮ የሚሻገር አንድ ሰው ነው።»

ሐጂ ከትከሻው በላይ አሻግረው አዩ። አሥራ ዘጠኙም በሩ ላይ ቆመዋል። ተራራውን አዩ። ከዚያ ወደ ወረፋቸው ዞረው «ጀማዓ፣ ትንሽ ታገሡ» አሉና የጎሳዬን ከረጢት በራሳቸው እጅ ተቀበሉት።

ስምንቱ ሲያስፈጩ ጎሳዬ አልተቀመጠም። ሲጨርሱም አብሯቸው ወጣ፤ ካልሄድኩ አያስተኛኝም አለ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ካፊያ ጀምሯል፤ ውኃው ደፍርሷል፣ ግን ገና አልሞላም። ረጅሟ ገባች። እጅ ለእጅ ተያያዙ። ጎሳዬ ዳር ላይ ቆሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በሹክሹክታ ቆጠረ፤ በዚህኛው ቆጠራ ማንም አይስቅበትም። አሥራ ዘጠነኛዋ ቦሼ ነበረች። ዘንጓን ማዶ ተክላ ወጣችና ቀሚሷን ጨመቀች። ለምስጋናም ለስንብትም ዘወር ሳትል ሴቶቹን አስከትላ ዳገቱን ጀመረች። ጎሳዬ በቃ ቀሩ ብሎ አሰበ። የስምንቱን ዱቄት የፈጨው የሐጂ ወፍጮ ነው፤ ቁጭ በሉ የሚሏቸውም እዚያ አሉ።

ዳገቱ መሀል ስትደርስ ቦሼ ቆመች። እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ በወንዙ ድምፅ ላይ ጮኸች።

«ጎሳዬ! እስከ ሰኞ ቺንጋ ግዛ!»

ጎሳዬ በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጂንካ ወረደና ሁለት ገዛ።